ነፋስ የሌለበት ሰላጤ

ፀዳል ያንን ቃል ከአፏ ካወጣች አስራ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። በእነዚህ ቀናት ሥራ ገብታለች፣ ቤተክርስቲያን ስማለች፣ የእናቷን መኪና ዘይት አስቀይራለች፣ ሰው ሲያጫውታት ስቃለች። ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ግን መስታወቱን ቀና ብላ አታየውም።

ቃሉ አጭር ነበር። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «አይ፣ የኔ ሰው አይደለም። ሹፌር ነው። ዕቃ እንዲያግዘን ነው ያመጣሁት» ማለት ነው። የተባለለት ሰው ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ቆሞ ገመድ ይጠቀልል ነበር።

ፀዳል ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለች ፋርማሲ ፋርማሲስት ናት፤ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር በገዛችው ቤት ከእናቷ ከወይዘሮ ውባየሁ ጋር ትኖራለች። ሰመረኣብ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል። አሰብ ተወለደ፣ አሰብ በአማርኛ ፊደል ቆጠረ፣ ከአስራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ በባለሸራ ጀልባ ሠራ። አማርኛ ሲጽፍ የሚያነበው ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚያነበው። እንግሊዝኛው ግን አሜሪካ አስራ ሁለት ዓመት ኖሮም ገና ይንገዳገዳል።

የተገናኙት በጎረቤቱ በጋሽ ገብረትንሳኤ መድኃኒት ሰበብ ነው። ሽማግሌው ጠርሙሱ ላይ ያለው እንግሊዝኛ አይገባቸውም። ሰመረኣብ የፋርማሲውን የወረቀት ከረጢት ገልብጦ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ። ራስዎን ካዞረዎ ፀዳልን ይጥሯት» ብሎ ጻፈላቸው። ስሟን ያነበበው ደረቷ ላይ ከለጠፈችው ካርድ ነበር። ፀዳል ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌሎች አዛውንት ደንበኞቿም እንዲጽፍላት ለመነችው። ከወር በኋላ በከረጢቶቹ መሃል አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘች፤ ላይዋ ላይ «ይህቺ የታማሚ አይደለችም፤ የጸሐፊው ናት» ይላል።

እንዲህ ተጀምሮ ዓመት ከሁለት ወር ዘለቀ። ሰላሳ አንድ ደብዳቤ ጽፎላታል። እሷ ደግሞ ለማንም አልተናገረችም።

ወይዘሮ ውባየሁ ጠርጥረው ነበር። «ያ ሹፌር ምንድን ነው ሲመላለስ የማየው?» ብለው ሲጠይቋት «ደንበኛ ነው እማዬ» ብላ አለፈች። እሳቸው ለልጃቸው ያሰቡት ሰው ሌላ ነው። የጓደኛቸው ልጅ፣ የዓይን ሐኪሙ ንዋይ፣ ያላገባ፣ ጨዋ፣ ሳቂታ። በየበዓሉ ስሙ ሳይነሳ አይቀርም።

ነሐሴ ላይ ንዋይ ካሊፎርኒያ ባለሸራ ጀልባ ለአራት ቀን ተከራየ። ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ ካለው የጀልባ ክበብ ሸራ መንዳት ተምሮ የምስክር ወረቀት ይዟል። ከክበቡ ሁለት ሰዎች ጋበዘ፤ ጡረታ የወጣችውን አስተማሪ ዶናንና ባሏን ግሌንን። ፀዳልንም ጠራት። እሷ «ባሕር የሚያውቅ አንድ ሰው ላምጣ?» ብላ ጠየቀች። ማን እንደሆነ አልተናገረችም። ንዋይም ደስ እያለው እሺ አለ።

ሰመረኣብ ከሥራ ፈቃድ ሊያገኝ ሦስት እሁድ ደርቦ ሠራ። ወደቡ ላይ የጨው ሽታ ሲያገኘው ጫማውን አውልቆ እንደ ልጅ ዘሎ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ፀዳል በልቧ ሳቀች። ሌሎቹ ሲያዩት ግን ሳቋ ጠፋ። የሸትል ድርጅቱን ጃኬት ለብሶ ነበር፤ ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል።

በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ማዶ ወዳለች ደሴት ደረሱ። ንዋይ ለማደሪያ የመረጠው ሰላጤ በሥዕል የተሳለ ይመስል ነበር። ከፍ ያለ ገደል ነፋሱን ጋርዶታል። ውሃው ከሥሩ ያለው ድንጋይ እስኪታይ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ዶና «እዚህ ልሙት!» ብላ አጨበጨበች።

ሰመረኣብ አላጨበጨበም። ጀልባዋ ፊት ላይ ቆሞ የገደሉን ሥር ያያል፣ የባሕሩን ዳር ያያል፣ በጣቱ ይቆጥራል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየና ወደ ንዋይ መጣ።

«ዶክተር፣ እዚህ አንደር» አለው በእንግሊዝኛ። ቃሉን እየፈለገ፣ የኋላውን ከፊት እያስቀደመ ነው የሚናገረው። «ነፋስ የለም፣ እውነት ነው። ግን ሞገድ አለ። ሩቅ፣ ደቡብ፣ አውሎ ነፋስ ነበር። እሱ ነው የሚመጣው። ገደሉን ዞሮ ይገባል። ድንጋዩን እይ፣ ውሃው የነካው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ዳሩን እይ፣ አሸዋ አይደለም፣ የተንከባለለ ድንጋይ ነው። ቅዳሜ ነው፣ ሌላ ጀልባ ግን አንድም የለም። ለምን?»

ንዋይ ፈገግ ብሎ ስልኩን አሳየው። «ነፋሱ ዛሬ ማታ ዜሮ ነው። አየህ? ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።»

«ከደሴቱ ወዲያ ማዶ ሌላ ቦታ አለ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አያምርም። ነፋስ አለው። ግን ሞገዱ አይደርስበትም። ነፋስ ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ይይዛታል፣ መልሕቁ ጥሩ ከሆነ ነፋስ ምንም አያደርግም። ያለ ነፋስ ግን ጀልባዋ ጎኗን ለሞገዱ ትሰጣለች…»

እዚህ ላይ ቃል ጠፋው። በእጁ የጀልባዋን መወዛወዝ ሊያሳይ ሞከረ። ግሌን ሳቅ አፈነ። ፀዳል የግሌንን አፍ አየች፣ የንዋይን ትዕግሥት የተሞላ ፈገግታ አየች፣ የጃኬቱን ስልክ ቁጥር አየች። ፊቷ ጋለ።

«ሰመረ» አለችው በአማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «እባክህ አታሳፍረኝ።»

ዞር ብሎ አያት። ያ አስተያየት ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። የነበረበት ግን ጥያቄ ብቻ ነው፤ በትክክል ሰምቼ ይሆን? የሚል።

ከዚያ ሄዶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ግሌን ወደ ፀዳል ጠጋ ብሎ በጨዋነት «ባለቤትሽ ነው?» አላት። ያንን ቃል ያኔ ነው የተናገረችው። ገመዱ ከሰመረኣብ እጅ አልወደቀም። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ጨርሶ አሰረው። ንዋይ «መልሕቅ!» ሲለው ጣለ፤ ሰንሰለቱን በልኩ ለቀቀ፤ እንደ ተቀጣሪ «ሌላ ምን ልሥራ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ማንም ድምፁን አልሰማም።

እሱ ያለው ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ የቀረችው ትንሽ ነፋስም ቆመች፤ ጀልባዋ ጎኗን ሰጠች፤ ሞገዱ አንድ በአንድ፣ ያለ ድምፅ፣ ከሥሯ እየገባ ከጎን ወደ ጎን ይጥላት ጀመር። ሳህንና ብርጭቆ ወረደ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንዱ ሞገድ ዶናን ከአልጋዋ አንስቶ ከጠረጴዛው ጋር አላተማት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጩኸቷ እንደተሰማ ሰመረኣብ ወጣ። ከመልሕቁ ሰንሰለት ወደ ጀልባዋ ኋላ ገመድ ወስዶ ወጠረና ፊቷን ወደ ሞገዱ አዞራት፤ ገመዱ የቀኝ መዳፉን ልጦት ሄደ። መወዛወዙ ሲቀንስ የዶናን እጅ አሰሩላት። ሞገዱ ግን እየበረታ መጣ። «እንወጣለን» አለ ሰመረኣብ። ማንም አልተከራከረውም። መልሕቁን አንስቶ፣ መሪውን ለንዋይ ሰጥቶ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀጥ እያለ በጨለማ አወጣቸው። ጥልቁ ውሃ ላይ ያው ሞገድ ሰው ተኝቶ እንደሚተነፍስ ያለ ሆነ። ሲነጋ ወደብ ገቡ።

አምቡላንሱ ዶናን ይዞ ሲሄድ ፀዳል ዞር አለች። ሰመረኣብ የለም። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄዷል።

አስራ ዘጠኝ ቀን። ስልክ ደወለች፣ አላነሳም። ጻፈችለት፣ አልመለሰም። በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የሥራ ባልደረባው ምናሉ ፋርማሲው መስኮት ላይ መጥቶ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጣት። የለመደችው የእጅ ጽሑፍ አልነበረም፤ ተጨማዷል፣ ወደ ጎን ተጋድሟል።

«ፀዳል፣ የጋሽ ገብረትንሳኤን መድኃኒት ከእንግዲህ ምናሉ ነው የሚወስድላቸው። እኔ አልመጣም። ፊትሽን ማየት አልችልም። ሰመረኣብ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ምናሉን «ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ብላ መድኃኒቱን ሰጠችው፤ ወደ ጓዳው ገባች፤ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ፊቴን ማየት አይችልም። ጠላኝ። እውነቱን ነው። እንኳን እሱ እኔም አልቻልኩም።

ያን ዕለት ማታ ወይዘሮ ውባየሁ እራት አቅርበው ልጃቸው ሳትበላ ስትቀር ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«ንገሪኝ» አሉ። «ከካሊፎርኒያ ከመጣሽ ጀምሮ እህል ከአፍሽ አልገባም። ንዋይ ምን አደረገሽ?»

«ንዋይ ምንም አላደረገኝም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰላሳ አንዱን ደብዳቤ፣ «አታሳፍረኝ» ያለችውን፣ ለግሌን የመለሰችውን። ነገሩን ለማሳመር አልሞከረችም። ስትጨርስ እናቷ «እኔስ ብያለሁ» የሚሉ መስሏት አንገቷን ደፋች።

ወይዘሮ ውባየሁ ሳህኑን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«አልወደውም አልኩሽ እንጂ ካጂው አልኩሽ?»

«እማዬ…»

«ቆይ። እኔ ሹፌር ነው ብዬ አፌን አጣምሜያለሁ፤ አልዋሽም። ለልጄ ከዚህ የበለጠ ባገኝ ብያለሁ፤ የትኛዋ እናት አትልም? ግን ሰው ፊት ቆመሽ፣ እሱ እየሰማሽ፣ ‹አላውቀውም› ትያለሽ? የእኔ ልጅ?» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ‹ሰው ምን ይላል› እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ነገ ቤተክርስቲያን ስሄድ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

ፀዳል እናቷ በእሷ ሲያዝኑ አይታለች። እናቷ በራሳቸው ሲያፍሩ ስታይ ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። ከሁሉ የከበዳት ያ ሆነ።

በማግስቱ ዶና እጇን በጄሶ አሳስራ ፋርማሲው መጣች፤ የሕመም ማስታገሻዋን ልትወስድ። ቂም የላትም። እንዲያውም ደስ ያላት ትመስላለች።

«ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት። «ክበቡ ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለው። ግሌን ነው ያዘጋጀው። ሞገድ ባለበት ባሕር ላይ ማደሪያ እንዴት እንደሚመረጥ ያስተምረናል፤ ያ ሹፌርሽ።»

«ሹፌሬ አይደለም» አለች ፀዳል።

«እና ምንድን ነው?»

ከኋላ ሰልፍ ነበር። ሕፃን የያዘች ሴት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ወጣቶች። ፀዳል አፏን ከፈተች። የለመደው ፍርሃት ቃሉን መልሶ ዋጠው። «ቢጫው ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ መኪና አይንዱ» አለቻት። ዶና አመስግና ሄደች። ሁለተኛ ጊዜ፣ አለች ፀዳል በልቧ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር መኪናዋን ፓርክ አደረገች። የክበቡ አዳራሽ አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ንዋይ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፀዳል ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች።

ሰመረኣብ ነጭ ሰሌዳው ላይ ደሴት ስሏል። ቀኝ እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ በግራው ነው የሚጽፈው። ያቺ የተጣመመች ደብዳቤ ለምን እንደተጣመመች ፀዳል ያን ጊዜ ገባት፤ የተናደደ ሰው እጅ ይመስላት ነበር።

«ቆንጆ ቦታና ጥሩ ማደሪያ አንድ አይደሉም» ይላል። እንግሊዝኛው ያው ነው፤ ቃል ሲጠፋው በእጁ ያሳያል። የሚስቅ ግን የለም። «መጀመሪያ ነፋስን አትጠይቁ። ሞገዱን ጠይቁ። ከየት ይመጣል? በአንዱና በሌላው መሃል ስንት ሰከንድ አለ? ስድስት ከሆነ እዚሁ አካባቢ የተወለደ ነው፤ አንድ የገደል ጥግ ያስቀረዋል። አስራ አምስት ከሆነ ከሩቅ ነው፤ ጥጉን ዞሮ፣ ታጥፎ ይገባል።» ከደሴቱ ጫፍ ላይ የሚታጠፉ መስመሮች ሳለ። «ቀን ሳለ ድረሱ። መልሕቅ ሳትጥሉ ሩብ ሰዓት ቁሙ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ትልቁ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፤ ካልጠበቃችሁት አታዩትም። ሌላ መሄጃ ከሌላችሁ ከኋላም ሁለተኛ መልሕቅ ጣሉ፤ የጀልባዋ ፊት ወደ ሞገዱ ይሁን፤ ያኔ ሰው ይተኛል። ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ በጨለማ የምትወጡበትን አቅጣጫ ወረቀት ላይ ጻፉ። ጨለማ ውስጥ ሰው ብልህ አይደለም።»

አንዳንዶቹ ይጽፋሉ። ፀዳል ሰላሳ አንዱን ደብዳቤ ስታነብ ያወቀችው ሰው ይኸው ነበር፤ ሃያ ሰው ፊት ቆሟል፤ እሷ ግን ይህንን ሰው ደብቃው ኖራለች።

ግሌን እጁን አነሳ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን፣ እዚያ ሰላጤ ስንገባ፣ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ሌሊት አደጋ እንደሚመጣም?»

«አዎ።»

ግሌን የሚስቱን ጄሶ አየ። «ታዲያ ለምን አጥብቀህ አልነገርከንም?»

ሰመረኣብ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ፀዳል ተነሳች።

«በእኔ ምክንያት ነው» አለች በእንግሊዝኛ። ሃያ አንገት ዞረ። «እሱ ነገራችሁ። እኔ ዝም አሰኘሁት። ‹አታሳፍረኝ› አልኩት። ከዚያ ግሌን ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዕቃ የሚያግዝ ሹፌር ነው አልኩ። ውሸት ነበር። የምወደው ሰው ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፀዳል ሰመረኣብን አየችው፤ ፊቱ ይፈታል ብላ ነበር። ፊቱ ግን ጠቆረ። ማርከሩን ከደነ፣ ሰሌዳው ሥር አስቀመጠ፣ «ይቅርታ፣ አምስት ደቂቃ» ብሎ በጎን በር ወጣ።

ጀልባዎቹ የታሰሩበት የእንጨት መሄጃ ላይ ደረሰችበት።

«ሰመረ።»

ዞር አላለም። «ለእነሱ ነገርሻቸው» አለ። «ደህና አድርገሽ ነገርሻቸው፤ ድምፅሽም አልተንቀጠቀጠም። ያን ቀን ለግሌን ስለ እኔ ነገርሽው። ዛሬም ለግሌን ስለ እኔ ነገርሽው። ለእኔ ምን ነገርሽኝ?»

ፀዳል ይህን አላሰበችም። ከቤቷ እስከ ሐይቁ መኪና ውስጥ ያጠናችው ንግግር ሁሉ ለሰው ነበር። ለእሱ ያዘጋጀችው አንድ ቃል እንኳ አልነበራትም። የባሰ አፈረች።

«አፈርኩብህ» አለች መጨረሻ ላይ። ባዶውን ቃል፣ ሳታለብሰው። «በጃኬትህ አፈርኩ። በእንግሊዝኛህ አፈርኩ። ደብዳቤህን ትራሴ ሥር አድርጌ እየተኛሁ፣ ሰው ፊት አብሬህ መታየት አፈርኩ። ለእናቴ ‹ደንበኛ ነው› አልኳት። ትናንት ዶና እንደገና ጠየቀችኝ፤ ዛሬም የተናገርኩት ከትናንቱ ሽሽት በኋላ ነው። ፊቴን ማየት አልችልም ብለህ ስትጽፍልኝ እውነቱን ነው አልኩ። ብትጠላኝ አልፈርድብህም።»

አሁን ዞረ።

«ምን አልሽ? ብጠላሽ?»

«‹ፊትሽን ማየት አልችልም› አላልክም?»

«አፍሬ ነዋ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አፍሬ ነው ፀዳል። እንዴት ብዬ ነው ዓይንሽን የማየው? ጠላኝ ብለሽ ነው የተረዳሽው?»

«አንተ በምን ታፍራለህ? ያዳንከን አንተ ነህ።»

ሰመረኣብ የእንጨቱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ባሕር ላይ የሠራሁት አስራ ስድስት ዓመት ነው» አለ። «አለቃዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። የሚያውቅ ሰው ጀልባ ላይ ዝም አይልም። ቢሰደብም፣ ቢመታም ዝም አይልም። መሪውን ቀምቶም ቢሆን ያወጣል። እኔ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ሦስተኛውን ዋጥኩት። ‹አታሳፍረኝ› ስትይኝ ሳይሆን ‹ዕቃ ሊያግዝ› ስትይ ነው የዋጥኩት። እሺ፣ ዕቃ አጋዥ ነኝ፣ ይዩት! አልኩ። ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ሞገዱን እየቆጠርኩ ነበር። እየጠበቅኩት ነበር።»

«ሰመረ…»

«ልጨርስ። የመጀመሪያው ሳህን ወድቆ ሲሰበር ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ደስ አለኝ።» አንገቱን ነቀነቀ። «ደስ አለኝ፣ ፀዳል። ንዋይ ሲደነግጥ ሰምቼ ደስ አለኝ። አንቺ ስትፈሪ ሰምቼም ደስ አለኝ። ያኔ መነሳት እችል ነበር። አልተነሳሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ሰማሁ። ከዚያ ያቺ ሴት ጮኸች። የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት። የእኔ ኩራት ነው አጥንቷን የሰበረው። እነሱ ግን ጠርተው ጀግና አደረጉኝ፤ አስተምረን አሉኝ። ግሌን ‹ለምን አልነገርከንም› ሲል እውነቱን ልናገር ነበር። አንቺ ተነስተሽ ጥፋቱን ወሰድሽልኝ።»

ሐይቁ ላይ አንዲት ጀልባ ሸራዋን ስታወርድ ይሰማል። ለፀዳል ክህደቷ የእሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ አንድ ሰው ያቆሰለች መስሏት ነበር። ያ ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ ወደ እሱ ሄዷል፤ ከእሱ ወደ ዶና ሄዷል።

«ልመለስ» አለ ሰመረኣብ እየተነሳ። «ጥያቄ ተጠይቄ ነው የወጣሁት።»

«እኔ ላስተርጉምልህ? በአማርኛ ተናገር፣ እኔ…»

«አይሆንም። በራሴ አፍ። በሰባራው እንግሊዝኛ።» ጥቂት ራመድ ብሎ ዞረ። «አጠገቤ ግን ቁሚ፤ ካላሳፈርኩሽ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻት። ቀድማው በሩን ከፈተች።

አጠገቡ ቆመች። ሰመረኣብ ለግሌን ሳይሆን ለዶና ተናገረ። ሁለት ጊዜ መናገሩን፣ ሦስተኛውን መዋጡን፣ ሳህኑ ሲወድቅ መደሰቱን፣ ሁለት ሰዓት መተኛቱን። አንዳንዱን ግስ አበላሸው፤ አንድም ነገር ግን አላስቀረም። ንዋይ ከበሩ አጠገብ «ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» ቢልም ማንም አልሰማውም። ሁሉም የሚያየው ዶናን ነው። ዶና ጄሶዋን በደህናው እጇ ይዛ አዳመጠች። ሲጨርስ ተነሳች፣ በመሃላቸው አልፋ ወጣች። ግሌን ተከተላት። ስብሰባው ማብቃቱን ማንም ሳይናገር ሰዉ ተበተነ።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሁለቱ ወንበር ማጠፍ ጀመሩ። እሱ በአንድ እጁ ያጥፋል፣ እሷ ግድግዳው ሥር ትደረድራለች። አስራ አምስት ወንበር ያህል ሲያጥፉ በሩ ተከፈተ። ዶና ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተን ይቅር ብዬሃለሁ ብል ዛሬ ውሸት ይሆናል» አለችው። ከዚያ ፀዳልን አየቻት። «አንቺንም።» ከወንበር ላይ የረሳችውን ሹራብ አነሳች። «የሚመጣው ቅዳሜ ግን ና። ሁለተኛውን መልሕቅ እንዴት እንደሚጥሉት አልገባኝም። ቀስ ብለህ ታሳየኛለህ።»

በሩ ተዘጋ። ሰመረኣብ ያላጠፈው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ፀዳል ደነገጠች፤ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ከጎኑ ያለውን ወንበር ዘረጋች፣ ተቀመጠች። ያፈረ ሰው ያፈረን ሰው ምን ብሎ ያጽናናል? ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና አብራው አለቀሰች። አልገፋትም። ከተዋወቁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን እኩል ሆነው አያውቁም ነበር።